ሬዚደንሲ በአንድ ስቴት፣ ላይሰንስ በሌላ ስቴት፦ ለዲኦ ሐኪሞች የአሠራር መመሪያ

«ሬዚደንሲዬን የጨረስኩት ኦሃዮ ነው፤ ሥራ ያገኘሁት ግን ሜሪላንድ። ሥልጠናዬን ይቀበሉኛል ወይ?» የስቴቶቹ ስም ይለዋወጣል እንጂ የሚደርሰኝ ጥያቄ ያው ነው። ጠያቂዎቹ በብዛት አሜሪካ ያደጉ፣ ኦስቲዮፓቲክ ሜዲካል ስኩል ጨርሰው ዲኦ (የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ዶክተር) የሆኑ የሐበሻ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ይቀበሏችኋል። ዲኦ በ50ውም ስቴትና በዋሽንግተን ዲሲ እንደ ኤምዲ (ከተለመደው ሜዲካል ስኩል የወጣ ሐኪም) ሁሉ ሙሉ ሐኪም ነው። ሬዚደንሲው (ከምረቃ በኋላ ያለው የሐኪም ሥልጠና) ኤሲጂኤምኢ ከሚባለው የሥልጠና ፕሮግራሞች ዕውቅና ሰጪ ድርጅት ዕውቅና ካለው ኦሃዮም ይሁን ቴክሳስ ለውጥ የለውም። ሰው የሚቸገረው ሥልጠናውን በማስመስከሩ ላይ ነው። ላይሰንስ የሚሰጠው የስቴቱ ቦርድ በእናንተ እጅ የመጣ ፎቶኮፒ አያምንም። ትምህርት ቤቱ፣ ፈተና ሰጪው ድርጅትና ሬዚደንሲው ራሳቸው በቀጥታ እንዲነግሩት ይፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው ሥራ ሌሎች ሰዎች ወረቀት እንዲልኩላችሁ ማድረግ ነው። እሱ ደግሞ ጊዜ ይበላል።

ሁለት ዓይነት ሰው ይህን መመሪያ ባይከተል ይሻላል። አንደኛው ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር በሕክምና ተመርቆ የመጣ ሐኪም ነው። የእሱ መንገድ በኢሲኤፍኤምጂ (የውጭ አገር ምሩቃንን ማስረጃ በሚያረጋግጠው ድርጅት) በኩል ስለሆነ መስፈርቱ ሌላ ነው። ሁለተኛው እንግሊዝ አገር ኦስቲዮፓቲ የተማረ ሰው ነው። እዚያ ኦስቲዮፓት ማለት በእጅ የሚያክም ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለም። በዚያ ዲግሪ ማንኛውም የአሜሪካ ስቴት የሐኪም ላይሰንስ አይሰጥም። ለንደን ያለ የአክስት ልጅ ይዛችሁ የምትጠይቁ አላችሁና ከወዲሁ ይታወቅ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት
- ስማችሁ በመሐል ተቀይሮ ከሆነ የሚያስረዳ ወረቀት፦ የዜግነት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ
- የዲኦ ዲፕሎማ ኮፒ
- የሬዚደንሲ ማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት፣ ከፕሮግራሙ የኤሲጂኤምኢ መለያ ቁጥር ጋር
- የፕሮግራም ዳይሬክተሩና የኮርዲኔተሯ የአሁን ኢሜይል (የኮርዲኔተሯ ይበልጣል፤ ወረቀቱን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት)
- በኤንቢኦኤምኢ (የዲኦዎችን ፈተና በሚሰጠው ድርጅት) ፖርታል ላይ ያለው መለያችሁ
- እስከ ዛሬ የያዛችሁት ላይሰንስ ሁሉ፣ የሬዚደንትነት የሥልጠና ላይሰንስ ጭምር፣ ከነቁጥሩና ከነቀኑ
- ከሜዲካል ስኩል ጀምሮ ወር በወር የት እንደነበራችሁ የሚያሳይ ዝርዝር
- ኖተሪ፣ የቅርብ ጊዜ ጉርድ ፎቶ፣ እና ገንዘብ ያለበት ካርድ። የማመልከቻ፣ የአሻራ፣ የትራንስክሪፕት ክፍያ ተደማምሮ ያስደነግጣል። አሠሪው የሚከፍል ከሆነ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ቦርድ ለዩ

አንዳንድ ስቴት ለኤምዲና ለዲኦ የተለያየ ቦርድ አለው። ፔንሲልቬኒያ፣ ፍሎሪዳ፣ ሚሺጋን፣ ካሊፎርኒያ፣ አሪዞና፣ ኔቫዳ፣ ኦክላሆማ፣ ቴነሲ፣ ዌስት ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ስቴት እንዲህ ናቸው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ቴክሳስ፣ ኦሃዮ፣ ጆርጂያ፣ ሚኒሶታና ኮሎራዶ ሁለቱንም በአንድ ቦርድ ያስተናግዳሉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? በተሳሳተው ቦርድ ብታመለክቱ ፋይሉ ወደ ጎረቤት ቢሮ አይተላለፍም። ክፍያው ይቀራል፣ እናንተም እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። በዚያ ላይ የሁለቱ ቦርዶች መስፈርት አንድ አይደለም። የኤምዲ ጓደኛችሁ የነገራችሁ ነገር ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

ትክክለኛውን ቦርድ ስታገኙ ሦስት ነገር ከገጹ ላይ አንብባችሁ ጻፉ። አንድ፣ ስንት ወር የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ይጠይቃል? 12 ወር የሚበቃው አለ፤ ኢሊኖይ ግን 24 ወር ይጠይቃል፤ 36 ወር የሚሉም አሉ። ሁለት፣ የትኛውን ፈተና ይቀበላል፣ ስንቴ መውደቅንስ ይታገሣል? ሦስት፣ ኤፍሲቪኤስ (ደረጃ 4 ላይ የማብራራው የማስረጃ ማረጋገጫ አገልግሎት) ግዴታ ነው ወይስ በምርጫ?

ደረጃ 2፦ መንገዳችሁን ምረጡ

ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ተራው ማመልከቻ ነው። ሬዚደንሲ ገና ለጨረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ያለው ይህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሰው ሁሉ ኮምፓክት የሚለው፣ ስቴቶች ተስማምተው ያቋቋሙት ፈጣን መንገድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ላይሰንሶች በ2017 ሰጠ፤ ዛሬ አብዛኛው ስቴት አባል ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክና ቨርጂኒያ ግን የሉበትም። ስለ ኮምፓክት የሚጠይቁኝ ብዙዎቹ ገና አይችሉም። መግቢያው ሙሉ ላይሰንስ ብቻ አይደለም። የስፔሻሊቲ ቦርድ ሰርተፊኬትም (በልዩ ሙያችሁ ፈተና ማለፋችሁን የሚያሳይ) ያስፈልጋል። በኤኦኤ (የዲኦዎቹ ማኅበር) በኩል የተገኘውም፣ በኤምዲዎቹ ቦርድ በኩል የተገኘውም ያገለግላል። «ቦርድ ኤሊጂብል ነኝ» (ፈተናውን ገና አልወሰድኩም እንጂ ብቁ ነኝ) ማለት ግን አይበቃም። የፈተናው እያንዳንዱ ክፍል በሦስት ሙከራ ውስጥ የታለፈ መሆን አለበት። የዲሲፕሊን ቅጣትና የወንጀል ሪከርድም መኖር የለበትም። «ዋና ስቴት» የምትሉት አባል ስቴት ሆኖ ወይ የምትኖሩበት፣ ወይ ከሥራችሁ ቢያንስ 25 በመቶው የሚሠራበት፣ ወይ አሠሪያችሁ ያለበት መሆን ይኖርበታል። ክፍያው 700 ዶላር ሲሆን በዚያ ላይ የእያንዳንዱ ስቴት የላይሰንስ ክፍያ ይጨመራል። የብቃት ደብዳቤው ለ365 ቀን ያገለግላል። አንድ ላይሰንስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያዋጣል አልልም። ሦስት አራት ስቴት በቴሌሄልዝ (በርቀት ሕክምና) ለሚሠራ ግን ተመራጭ ነው።

ሦስተኛው የእኛን ሰው በቀጥታ ይመለከታል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ከ2023 ጀምሮ በመካከላቸው ላይሰንስ በፍጥነት የሚሰጡበት ስምምነት አላቸው። ከሦስቱ በአንዱ ገደብ የሌለበት ላይሰንስ ካላችሁ ወደሌሎቹ ስትሄዱ ሙሉውን ጣጣ አትደግሙም። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ አሌክሳንድሪያ የሚሠራ ሐኪም ይህን ሳያውቅ ረጅሙን መንገድ ሲሄድ ማየት ያሳዝናል።

ደረጃ 3፦ ስማችሁን አስተካክሉ

ይህን ደረጃ ሌላ አገር ሰው የጻፈው መመሪያ ላይ አታገኙትም። የእኛን ሰዎች ፋይል ከምንም በላይ የሚያዘገየው ግን ይህ ነው።

አንዲት ሐኪም እናስብ፦ ሐና ተስፋዬ ገብረ ማርያም። ሜዲካል ስኩል ዲፕሎማዋ ላይ «ሐና ተስፋዬ» ይላል። ግሪን ካርዷ ሲሠራ የአያቷ ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፤ እሱም ለሁለት ተሰነጠቀና «ገብረ» የመሐል ስም፣ «ማርያም» የመጨረሻ ስም ሆነው ቀሩ። ኤንቢኦኤምኢ ዘንድ «ገብረማርያም» አንድ ቃል ነው። ሬዚደንሲው ደግሞ «ሐና ቲ. ማርያም» ብሎ መዝግቧታል። ለእኛ አንድ ሰው ናት። ፋይሉን ለሚያየው ኮምፒውተር ግን አራት ሰው ናት። ከየምንጩ የሚመጣው ወረቀት ከማመልከቻዋ ጋር ስለማይገናኝ «አልደረሰም» እየተባለ ይቀመጣል።

ምን ታደርጋላችሁ?

ሀ. ማመልከቻው ላይ የምትጽፉት ስም በፓስፖርታችሁ ላይ ያለው፣ ክፍተቱና ፊደሉ ሳይቀር፣ እሱው ይሁን።
ለ. «ሌሎች ስሞች» የሚለው ሳጥን ውስጥ በየትኛውም ወረቀት ላይ የወጣውን አጻጻፍ ሁሉ አስገቡ። የፊደል ልዩነትም ይቆጠራል።
ሐ. ኤንቢኦኤምኢ ዘንድ ያለው ስም ከመታወቂያችሁ ጋር ካልገጠመ ትራንስክሪፕት ከማዘዛችሁ በፊት አስተካክሉት።
መ. የልደት ቀናችሁንም እዩ። ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ከእኛ ካላንደር ሲዞር በአንድ ቀን የተዛባ የልደት ሰርተፊኬት ሊኖረው ይችላል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን ያዙ፤ ማስረጃ ስትሰጡም ፓስፖርቱን አስቀድሙ።

ደረጃ 4፦ ኤፍሲቪኤስ ክፈቱ፣ ወይም አትክፈቱ

ኤፍሲቪኤስ የስቴት ቦርዶች ፌዴሬሽን የሚያስተዳድረው የማስረጃ ማረጋገጫ አገልግሎት ነው። ዲፕሎማችሁን፣ ሬዚደንሲያችሁንና የፈተና ውጤታችሁን አንዴ ከምንጩ ያረጋግጥና ለዘለቄታው ያስቀምጣል። ከዚያ ለምትፈልጉት ቦርድ ይልካል።

የምትሄዱበት ስቴት ግዴታ ካደረገው ምርጫ የላችሁም። ካላደረገው ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ወደፊት ሌላ ስቴት እሄዳለሁ ወይ? የምትሄዱ ከሆነ አሁን ክፈቱ። ኮርዲኔተሯ እያለች፣ ዳይሬክተሩ ስማችሁን እያስታወሰ ማረጋገጥ ከ8 ዓመት በኋላ ከማሳደድ ይሻላል። የትም አልሄድም የምትሉ ከሆነ በቀጥታ በቦርዱ ፎርም ማስሞላት ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፣ ይረክሳልም።

ደረጃ 5፦ የሬዚደንሲ ማረጋገጫውን አስልኩ

የሥራው እምብርት እዚህ ነው። ሌላውን ደረጃ ሳትጀምሩም ቢሆን ይህን ጀምሩ።

ፎርሙ የሚጠይቀው «ጨርሷል ወይ?» ብቻ አይደለም። የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ቀን፣ እያንዳንዱን የሥልጠና ዓመት ለየብቻ፣ ፕሮግራሙ በዚያን ጊዜ ዕውቅና እንደነበረው ይጠይቃል። ቀጥሎ ሰው የሚፈራቸው ጥያቄዎች ይመጣሉ፦ እረፍት ወስዶ ነበር? ፕሮቤሽን (በማስጠንቀቂያ ክትትል) ላይ ነበር? ምርመራ ተደርጎበት ያውቃል? ከዓመቱ ውስጥ ሳይቆጠር የቀረ ወር አለ?

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ለኮርዲኔተሯ ኢሜይል ከመጻፋችሁ በፊት ቀኖቹን ራሳችሁ አጣሩ። የወሊድ ፈቃድ ወስዳችሁ ሥልጠናው ከሰኔ 30 ወደ መስከረም ተገፍቶ ከሆነ እናንተም እነሱም አንድ ዓይነት ቀን መጻፍ አለባችሁ። ልዩነት ሲታይ ቦርዱ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ማብራሪያ ሲጠየቅ ሳምንታት ይሄዳሉ።

ለ. ሥልጠናችሁ በሁለት ስቴት ከተከፈለ ሁለቱም ፕሮግራሞች ለየብቻ ይጽፋሉ። ለምሳሌ ፕሪሊሚናሪ ዓመቱን (የመጀመሪያውን የሥልጠና ዓመት) ሚሺጋን፣ ቀሪውን ኦሃዮ ከሆነ ኦሃዮ ያለው ዳይሬክተር ስለ ሚሺጋኑ ዓመት ሊመሰክር አይችልም። ቦርዱም አይቀበለውም። የመጀመሪያውን ዓመት ማረጋገጫ ሰዎች እየረሱ ፋይላቸው «12 ወር ይጎድላል» ተብሎ ይመለሳል።

ሐ. ወረቀቱ ከፕሮግራሙ ወደ ቦርዱ በቀጥታ ይሂድ። እናንተ ተቀብላችሁ የላካችሁት፣ ማኅተም ቢኖረውም፣ ዋጋ የለውም።

መ. ፕሮግራሙ ከተዘጋ አትደንግጡ። ፊላዴልፊያ የነበረው የሃነማን ሆስፒታል በ2019 ሲዘጋ ከ500 በላይ ሬዚደንቶች ተበትነዋል፤ ላይሰንስ አውጥተው እየሠሩ ያሉ ብዙ ናቸው። የስቴት ቦርዶች ፌዴሬሽን ከተዘጉ ፕሮግራሞች የተረከባቸውን መዝገቦች ይይዛል። መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።

ሠ. ሬዚደንሲያችሁን ገና ያልጨረሳችሁ ከሆነና ስቴቱ በ12 ወር ሙሉ ላይሰንስ የሚሰጥ ከሆነ መመረቂያችሁን መጠበቅ የለባችሁም። በመጨረሻው ዓመት መስከረምና ጥቅምት ላይ ጀምሩ። በግንቦት ሁሉም ተመራቂ አንድ ኮርዲኔተር ላይ ይረባረባል።

ደረጃ 6፦ የፈተና ውጤት

የኮምሌክስን (የዲኦዎቹን የላይሰንስ ፈተና) ትራንስክሪፕት የሚልከው ኤንቢኦኤምኢ ነው። ዩኤስኤምኤልኢ (የኤምዲዎቹን ፈተና) ወስዳችሁ ከሆነ የእሱ የሚመጣው ከስቴት ቦርዶች ፌዴሬሽን ነው። ሁለቱ የተለያዩ ስለሆኑ ለየብቻ ይታዘዛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አንዳንድ ዲኦ ኮምሌክስ 1ን እና 2ን ለመመረቅ ይወስዳል። ሬዚደንሲ ሲገባ ጓደኞቹ ሁሉ ኤምዲ ስለሆኑ ሌቭል 3ን ትቶ የዩኤስኤምኤልኢ ስቴፕ 3ን ይወስዳል። የተለየ የኦስቲዮፓቲክ ቦርድ ያለበት ስቴት ሲሄድ «ኮምሌክስህ አልተሟላም» ይባላል። ኮምፓክቱም ቢሆን የአንዱን ፈተና ሙሉ ክፍሎች ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ሌቭል 3ን ውሰዱ። ለመመዝገብ የፕሮግራም ዳይሬክተራችሁ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ሬዚደንት ሆናችሁ ሳላችሁ ማግኘቱ ቀላል ነው።

በ2021 እና ከዚያ በኋላ የተመረቃችሁ ደግሞ «የሌቭል 2 የተግባር ፈተናህ የታለ?» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ ፈተናው እንደቆመ ንገሩት። አሮጌ ፎርም የያዙ የሆስፒታል ቢሮዎች እስካሁን ይጠይቃሉ።

ደረጃ 7፦ «የኦስቲዮፓቲክ ኢንተርንሺፕ» የሚለው ጉዳይ

ቀድሞ ፍሎሪዳ፣ ሚሺጋን፣ ኦክላሆማ፣ ፔንሲልቬኒያና ዌስት ቨርጂኒያ የመጀመሪያው የሥልጠና ዓመት በኤኦኤ የጸደቀ እንዲሆን ይጠይቁ ነበር። ሁለቱ የዕውቅና ሥርዓቶች፣ የኤኦኤውና የኤሲጂኤምኢው፣ በ2020 ተጠቃለው በኤሲጂኤምኢ ሥር ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሠለጠናችሁ በአብዛኛው ይህን ደረጃ ዝለሉት።

የሚመለከተው ከዚያ በፊት የመጀመሪያ ዓመቱን በኤሲጂኤምኢ ብቻ ዕውቅና ባለው ፕሮግራም የሠራ ዲኦ ነው። ከአምስቱ ወደ አንዱ የምትሄዱ ከሆነ የዛሬውን ደንብ ከቦርዱ በጽሑፍ ጠይቁ። የኤኦኤ ማጽደቂያ ካስፈለገ ሐኪሞቹ «ሬዞሉሽን 42» የሚሉት መንገድ አለ፤ ያንን ዓመት ኤኦኤ ወደኋላ ተመልሶ እንዲያጸድቅ የሚቀርብ ማመልከቻ ነው። ስቴቱ ዘንድ ከማመልከታችሁ በፊት አስጨርሱት፤ አለበለዚያ ፋይላችሁ ተከፍቶ ይህን ሲጠብቅ ይቀመጣል።

ደረጃ 8፦ ማመልከቻውን ሙሉ

የወር በወሩን ዝርዝር አሁን አውጡት። ከሜዲካል ስኩል ምረቃ እስከ ዛሬ ክፍተት አይኑር። አዲስ አበባ ሄዳችሁ እናታችሁን ያስታመማችሁበት ሁለት ወር ካለ «ቤተሰብ ማስታመም» ብላችሁ ጻፉት። ማንም አይቀጣችሁም። ባዶ ቦታ ግን ጥያቄ ይጋብዛል።

«አዎ ወይም አይደለም» የሚሉትን ጥያቄዎች ቀስ ብላችሁ አንብቡ። «ተከሰህ ታውቃለህ?» እና «ተፈርዶብህ ያውቃል?» አንድ አይደሉም። ኮሌጅ እያላችሁ ጠጥቶ በመንዳት ተይዛችሁ ክሱ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ስለ መያዝ ከሆነ መልሱ «አዎ» ነው። አጭር ማብራሪያና የፍርድ ቤቱን ወረቀት አያይዙ።

ደረጃ 9፦ አሻራና የጀርባ ምርመራ

ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች አሻራ ይጠይቃሉ። እዚያው ስቴት ውስጥ ከሆናችሁ በኤሌክትሮኒክስ ይነሣል። ሌላ ስቴት ካላችሁ ኤፍዲ-258 በሚባለው ካርድ ላይ ተነሥታችሁ በፖስታ ትልካላችሁ። ከቦርዱ የተሰጠውን የኤጀንሲ ኮድ ይዛችሁ ሂዱ። ኮዱ ከተሳሳተ ውጤቱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ቦርዱም አያየውም። ቀኑን ሙሉ እጁን የሚታጠብ ሐኪም አሻራው ደብዝዞ ሊመለስ ይችላልና ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት እጃችሁን ቅባት ተቀቡ፤ ሲነሣ ግን እጃችሁ ደረቅ ይሁን።

ደረጃ 10፦ ተከታተሉ

በየሁለት ሳምንቱ ፖርታሉን እዩ። «አልደረሰም» የሚል ነገር ካለ መጀመሪያ ላኪውን «መቼ፣ በምን፣ ለማን ላካችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን ይዛችሁ ከዚያ ለቦርዱ ጻፉ። «ፋይሌ ምን ደረሰ?» ለሚል ኢሜይል የሚመጣው መልስ «በሂደት ላይ ነው» ብቻ ነው። «የኦሃዮው ማረጋገጫ በዚህ ቀን በኢሜይል ተልኳል፤ በዚህ ስም ፈልጉልኝ» ሲባል ግን ሰው ተነሥቶ ይፈልጋል።

ደረጃ 11፦ ላይሰንሱ ከወጣ በኋላ

ገና አልጨረሳችሁም። ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ለማዘዝ በአዲሱ ስቴት አድራሻ የዲኢኤ (የፌዴራሉ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት) ምዝገባ ያስፈልጋል፤ ለ3 ዓመት 888 ዶላር ነው። ከ2023 ወዲህ የ8 ሰዓት ሥልጠናም ይጠየቃል። ሜሪላንድን የመሰሉ ስቴቶች በዚያ ላይ የራሳቸው የመድኃኒት ፈቃድ አላቸው፤ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ዲኢኤን ያዙ። የሆስፒታል ፕሪቪሌጅ (በሆስፒታሉ የማከም ፈቃድ) እና የኢንሹራንስ ምዝገባ ደግሞ ወራት ይወስዳሉ።

ማስጠንቀቂያ

- ላይሰንሱ ሳይወጣ አትሥሩ፣ በስልክም ቢሆን። የሚቆጠረው በሽተኛው ያለበት ስቴት ነው። ዴንቨር ላለችው አክስታችሁ ከቨርጂኒያ ሆናችሁ መድኃኒት ማዘዝ ደግነት ይመስላል፤ በሕግ ግን ያለፈቃድ ማከም ሊባል ይችላል።
- የሥልጠና ላይሰንስ ከፕሮግራሙ ጋር ያበቃል። ወደ ሌላ ስቴት አይሻገርም።
- የሥራ መጀመሪያ ቀን በውል ውስጥ ስትፈርሙ «ላይሰንስ ሲወጣ» የሚል ሐረግ አስገቡ። የቤት ኪራይም ከዚያ በፊት አትፈርሙ።
- ምንም ነገር አትደብቁ። የተናዘዛችሁት ፕሮቤሽን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ተደብቆ የተገኘ ግን ላይሰንስ ያስከለክላል፤ በቋሚነትም በስማችሁ ይመዘገባል።

የተለመዱ ስህተቶች

ደላላ ወይም ድርጅት ከፍሎ ሁሉን መርሳት። ማመልከቻው ላይ የሚፈርመው ግን የእናንተ እጅ ነው፣ ስህተቱም በእናንተ ይቆጠራል። ሌላ ሰው ይሙላው ግድ የለም፤ እያንዳንዷን መስመር ግን አንብባችሁ ፈርሙ።

የድሮ ኢሜይል መስጠት። የሬዚደንሲው ሆስፒታል ኢሜይል በተመረቃችሁ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይዘጋል፤ ቦርዱ የላከው ጥያቄም እዚያው ይቀራል። የግል ኢሜይል ተጠቀሙ።

ከአንድ ዓመት የማትበልጥ ተቋርጣ የቀረች ሥልጠናን መተው። ስፔሻሊቲ ቀይራችሁ የተዋችሁት ፕሮግራምም ይጻፋል፣ ይረጋገጣልም።

የቀድሞውን ስቴት ላይሰንስ አዲሱ ሳይመጣ መተው። ኮምፓክቱም ሆነ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዲሲ ስምምነት የሚቆመው ባላችሁ ላይሰንስ ላይ ነው። የእድሳት ክፍያውን ለመቆጠብ ብላችሁ ካስወደቃችሁት ፈጣኑ መንገድ ይዘጋና ወደ ተራው ማመልከቻ ትመለሳላችሁ። አዲሱ በእጃችሁ እስኪገባ ድረስ አድሱት።